ከአየር ጤና እስከ ጅማ፤ የኳስ መንገደኞች ማስታወሻ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የስሙን እኩሌታ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደብር የወረሰ፣ ከነዋሪውም ብዙው ከደቡብና ከምዕራብ ተነሥቶ በመጣበት አቅጣጫ በከተማይቱ መግቢያ ላይ የሰፈረ በመሆኑ፣ በዚህ ሰፈር ያደገ ሰው ስለ መንገድ ያለው ስሜት ሌላው የአዲስ አበባ ልጅ ካለው ይለያል። በአጠና ተራ ባሕር ዛፍ ለሚሸጠው የጉራጌና የስልጤ ነጋዴ፣ በጓሮው ከማለዳ እስከ ማታ መወርወሪያውን ለሚያመላልሰው የዶርዜ ሸማኔ፣ ከጅማና ከከፋ ለመጣው የቡናና የማር ነጋዴ፣ ከአየር ጤና ተነሥቶ ወደ ዓለም ገና የሚወርደው አስፋልት ወደ እናትና ወደ አባት ቤት መሄጃ ነው። ለመስቀል በዓል የሚኬደው በርሱ ነው፤ ለዓረፋ የሚኬደውም በርሱ ነው፤ የዘመድ ሞት ሲሰማ ሌሊቱን የሚኬደውም በዚሁ ነው። እኛ ደግሞ ለኳስ ሄድንበት።

እኛ ስል በአንድ ቀበሌ አቧራ ላይ የጨርቅ ኳስ እየመታን ያደግነውን፣ በኋላም በየሥራችን ተበትነን የኳስ ፍቅር ብቻ አንድ ላይ ያቆየንን ወዳጆች ማለቴ ነው። አንዱ የሸማኔ ልጅ ሆኖ ራሱም ሸማኔ ነው፤ ሌላው ልብስ ሰፊ፣ ሌላው የሒሳብ መምህር፣ ሌላው የአጠና ነጋዴ ነው። ከመካከላችን ለኢትዮጵያ ቡና ድምፁ እስኪዘጋ የሚዘምር አለ፤ ከአባቱ የወረሰውን ቅዱስ ጊዮርጊስን የማይከዳ አለ፤ በእናቱ የጅማ ተወላጅ በመሆኑ ልቡን ለአባ ጅፋር ክለብ የሰጠም አለ። ይህ ልዩነት በአዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ በየወገናችን ለያይቶ ያስቀምጠን ነበር፤ ከከተማው ስንወጣ ግን መንገዱ በአንድ ሚኒባስ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ አጋጥሞ ስለሚያስቀምጠን፣ በስታዲየም ውስጥ በጩኸት የማይነገረው ምክንያትና አስተያየት ሁሉ በመንገድ ላይ በእርጋታ ይነገራል።

ገንዘቡን ሳምንታት አስቀድመን በዕቁብ መልክ እናጠራቅማለን። ሚኒባሱን የምንከራየው ከነሹፌሩ ነው፤ ሹፌሩም በዕድሜ ታላቃችን በመሆናቸው ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ የኪዳን ደወል ተከታትለው በሚሰሙበት ሰዓት ጦር ኃይሎች አጠገብ እንሰበሰባለን፤ ከእኛ መካከል ሁለቱ ሙስሊሞች ስለሆኑ ሶላታቸውን ሰግደው እስኪመጡ ድረስ ጋሼ ሞተሩን አስነሥተው ይጠብቃሉ። «ዱዓውም ጸሎቱም ይድረስና እንነሣ» ሳይሉ መሪውን ነክተው አያውቁም።

ዓለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ የግራው ወደ ቡታጅራና ወደ ሆሳዕና ሲሄድ የቀኙ በሰበታ አልፎ ወደ ጅማ ይሄዳል። የበቾ ሜዳ የሚጀምረው ከሰበታ በኋላ ነው። የዚህ ሜዳ ጥቁር አፈር ጤፉን የሚያበቅል፣ የከተማውን እንጀራ የሚመግብ ሆኖ ሳለ፣ በየቀኑ ያንን እንጀራ የሚበላ የኮልፌ ልጅ የእርሻውን ስፋት በዓይኑ ሳያይ ዕድሜውን ሊፈጽም መቻሉ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በክረምት አዋሽ ከአፉ ሞልቶ በተፍኪ አካባቢ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፤ በጥቅምት ደግሞ ውኃው ሲሸሽ በእርጥቡ መሬት ላይ የወፍ መንጋ ይሰፍርበታል። ቱሉ ቦሎን አልፈን ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወሊሶ ስንደርስ ለቁርስ እንቆማለን። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግዮን ተብላ ትጠራ የነበረች፣ በፍል ውኃዋም የታወቀች ከተማ ናት።

ከወሊሶ ተነሥቶ ወደ ወንጪ የሚወጣውን መንገድ በተመለከተ በመካከላችን የማያልቅ ክርክር ነበረ። እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኛው የወንጪ ሐይቅ በደሴቱ ላይ የቂርቆስን ገዳም ይዞ፣ ዙሪያውን በቁልቁለት እርሻና በአስታ ተከቦ ሲታይ ከሥነ ፍጥረት ትዕይንቶች ሁሉ ልቡናን የሚያሳርፍ ነው፤ ይሁን እንጂ ጨዋታ ባለበት ቀን ወደዚያ መውጣት ሰዓት ያሳልፋል። መምህሩ «ኳሱ በየሳምንቱ አለ፣ ሐይቁን ግን ስንት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አለፍነው» ብሎ በአንድ ጉዞ ስላሸነፈን፣ የመልሱን ቀን ሙሉ ለወንጪ ሰጠን፤ ከዚያ ወዲህም ማንኛውም ጉዟችን ከጨዋታው ሌላ አንድ የሚታይ ነገር እንዲኖረው ደንብ ሆነ።

በዚህ ደንብ ብዙ ያተረፍነው በወልቂጤ በኩል ነው። ከወሊሶ በኋላ የጤፉ ሜዳ እየቀረ የእንሰቱ ቅጠል በየደጁ ይበዛል፤ የሣር ክዳን ያላቸው ክብ የጉራጌ ቤቶች ከንጹሑ ጀፎረ ዳርና ዳር ተሰልፈው ይታያሉ። አጠና ነጋዴው ወዳጃችን የዚህ አገር ሰው ነው። አባቱ በልጅነታቸው በእግር ወደ አዲስ አበባ እንደ መጡ፣ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የጉራጌ ተወላጆች በከተማው ሠርተው ካገኙት ላይ በማኅበር እያዋጡ የአገራቸውን መንገድ ሲያሠሩ እርሳቸውም ከአዋጪዎቹ አንዱ እንደ ነበሩ የነገረን በዚሁ ስፍራ በመስኮት እየጠቆመ ነው። ጫማ ከመጥረግና ከጉሊት ንግድ የተገኘ ሳንቲም ድንጋይና አሸዋ ሆኖ መሬት ላይ መነጠፉን የሰማ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ሲሄድ አክብሮት ይሰማዋል። ከዚህ ታሪክ በላይ ለትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚገባ ታሪክ ብዙ አላውቅም።

ወልቂጤ ላይ ክትፎ መብላት ግዴታ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ለሁለት መከፈላችንም ግዴታ ነው። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ቤት በየፊናው ስለሆነ ገሚሳችን በአንዱ ደጅ፣ ገሚሳችን በሌላው ደጅ እንገባለን። በመጀመሪያው ጉዞ ይህ መለያየት ትንሽ ሐዘን አሳደረብኝ፤ ሐዘኔን ያስወገደው ግን ከምሳ በኋላ ያየሁት ነው። በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው ዳስ ሥር አንዲት እናት ረከቦታቸውን ዘርግተው ቡና ያፈላሉ፤ ከሁለቱም ቤት የወጣው ሰው ሁሉ፣ እኛም ጭምር፣ በዚያ በርጩማ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ ይቀመጣል። ልብስ ሰፊው ከሙስሊሙ ቤት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አይብ ይዞ ወጥቶ ነበረና፣ ሥጋ ስላልነካው ለሁላችን ቆረሰው። ሃይማኖቱ የወሰነውን ወሰን አክብሮ፣ ከወሰኑ ወዲህ ባለው ሁሉ ማእድን መካፈል አባቶቻችን በጥበብ ያቆዩልን ሥርዓት መሆኑን የተረዳሁት ከዚያች ቡና ላይ ነው። የክርስቲያኖቹ ጾም በሆነ ጊዜ ደግሞ ሙስሊሞቹ ጓደኞቻችን ክትፎውን ትተው ከእኛ ጋር ሽሮ ይበላሉ፤ ይህን እንዲያደርጉ የጠየቃቸው ሰው የለም።

ከወልቂጤ አልፎ የግቤ ቁልቁለት ይጀምራል። ደጋው በድንገት ተቆርጦ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ሲወርድ፣ አየሩ በየጥምዝምዙ እየሞቀ፣ ጆሮ እየተደፈነ፣ ጃኬት ከትከሻ እየወረደ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው መስኮት ክፈቱልኝ ማለት ይጀምራል። ጋሼ በዚህ ቁልቁለት ወሬ አይወዱም። በከባድ ማርሽ ሞተሩን እያስጮሁ፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ እየነኩ፣ ከፊታቸው ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቸኩሉ ያወርዱናል፤ ከድልድዩ ማዶ ቆመውም ጎማዎቹን በእጃቸው ዳስሰው፣ ትኩሳታቸው እስኪበርድ ያሳርፉናል። ዝንጀሮዎች በመንገዱ ጠርዝ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ይመለከታሉ። የግቤ ወንዝ ከዚህ ወርዶ ኦሞ ተብሎ፣ በአገሩ ድንበር ላይ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቆላው በወባና ከብት በሚፈጀው የገንዲ በሽታ ምክንያት ለረጅም ዘመን ሰው የሚፈራው አገር ነበር፤ ዛሬም የከብት መንጋ በብዛት የማይታይበት ስፍራ ሰፊ ነው። ከዳገቱ በላይ አበልቲን፣ ሰኮሩን አልፈን ወደ አሰንዳቦ ስንቃረብ በ1996 ዓ.ም ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ግቤ ግድብ የፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይታያል። ሸማኔው ወዳጃችን በሌሊት በመብራት የሚሸምን ሰው ነውና፣ ውኃውን እያየ ዝም ብሎ ቆየና «ለካ ከዚህ ነው የሚመጣልኝ» አለ።

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ለኮልፌ ሰው ግን ርቀቷ የሚታወቀው በዝናቧ ሽታና በልምላሜዋ ነው። በ2010 ዓ.ም የጅማ አባ ጅፋር እግር ኳስ ክለብ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በዚያው የመጀመሪያ ዓመት ዋንጫውን በማንሣቱ፣ የዓመቱም ኮከብ ግብ አግቢ የክለቡ ተጫዋች ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ በመሆኑ፣ በዚያ ዘመን ወደ ጅማ የሄደ እንግዳ ከተማይቱን በደስታዋ ወራት አይቷታል። ባጃጁ፣ ሱቁ፣ የልጆቹ ማልያ ሁሉ የክለቡን ስም ተሸክሞ ነበር። ያ ስም የተወሰደበት ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ መጀመሪያ ነግሠው፣ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ ይልቅ በመስማማትና ግብር በመገበር ሕዝባቸውን ከእልቂት ያዳኑ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውንም ለረጅም ዘመን ያስጠበቁ ንጉሥ ናቸው። በጅሬን ኮረብታ ላይ የቆመው ቤተ መንግሥታቸው በእንጨት ጥበብ የተሠራ ነው። እኛ በደረስንበት ሰዓት የእንጨቱ ወለል ከእግራችን በታች ይንቋቋ ነበር፤ ከሰገነቱ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰውም ከተማውን፣ ቡናውን፣ የስታዲየሙንም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ያያል። እንደዚያ ያለ ቅርስ የተሻለ ጥበቃና ፈጣን ጥገና ይገባው ነበር፤ እንጨት እንደ ድንጋይ ዘመናትን አይጠብቅምና። ሐሙስ ቀን የደረሰ መንገደኛም የሂርማታን ገበያ ሳያይ አይመለስ፤ ልብስ ሰፊው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ የገዛው ከዚያ ነው።

ስለ ስታዲየሙ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማስታውሰው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ነጭ ቆብ አድርገው፣ ትንሽ ራዲዮ በጆሯቸው አስጠግተው፣ በጥላው በኩል ካርቶን አንጥፈው ተቀምጠው ነበር። በማልያችን የባዕድ ቡድን ደጋፊዎች መሆናችንን አይተው «ከአዲስ አበባ ነው የመጣችሁት? ልጆቼ፣ እንግዳ በፀሐይ አይቀመጥም፤ ወደዚህ ጥጉ» አሉንና ካርቶናቸውን ለሁለት ቀደው ግማሹን ሰጡን። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ለቡድናቸው ጮኹ፤ የእኛ ሰው ሲሳሳት በደስታ አጨበጨቡ፤ ዳኛው በእኛ ላይ ሲፈርድ ፍርዱ ትክክል መሆኑን ሕግ እየጠቀሱ አስረዱን። በዕረፍቱ ሰዓት ግን ከኪሳቸው ለውዝ አውጥተው በእጃችን አፈሰሱልን፤ የአባቶቻችንንም አገር አንድ በአንድ ጠየቁን። ጨዋታው ሲያልቅ እስከ መኪናችን ሸኝተውን «በመልሱ እኛም እንመጣለን፤ ያን ጊዜ ጥላ ያዙልኝ» ብለው ተሰናበቱን። የደርሶ መልስ ውድድር ፍሬው ይህ ነበር፤ ዛሬ እንግዳ የሆነው ሰው ከወራት በኋላ አስተናጋጅ ይሆናል፤ የተቀበለውንም መስተንግዶ ለመመለስ ዕዳ ይገባል።

ሁሉ ጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም በአገሩ የነበረው የፖለቲካ ግለት ወደ ስታዲየሞች ገብቶ፣ ማልያ የወገን ምልክት ተደርጎ እየተቆጠረ፣ ድንጋይ የተወረወረባቸው፣ የተቋረጡም ጨዋታዎች ነበሩ፤ ደጋፊ ተጎድቶ የተመለሰበት ቀን ነበር። በዚያን ወራት እናቶቻችን ጉዟችንን ከለከሉን፤ መከልከላቸውም ተገቢ ነበር። ሆኖም ይህ ክፉ ዘመን ራሱ ያሳየኝ ነገር አለ፤ በድንጋይ የሚወራወሩት አብዛኞቹ በአንድ ማእድ ተቀምጠው የማያውቁ ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን አገር ያየው በካርታ ነው። በጅሬን ሰገነት ላይ ቆሞ፣ በሽማግሌው ካርቶን ላይ ተቀምጦ የተመለሰ ወጣት ስለ ጅማ ሰው የሚነገረውን ክፉ ወሬ ሁሉ ሳይመረምር አይቀበልም።

በ2012 ዓ.ም የውድድር ዘመን ያ የጅማ መንገድ ሦስት የፕሪሚየር ሊግ ክለቦችን ተሸክሞ ነበር፤ ሰበታ ከተማን፣ ወልቂጤ ከተማንና ጅማ አባ ጅፋርን። ከአየር ጤና ተነሥቶ ሦስቱንም በአንድ አስፋልት ማግኘት ለኮልፌ ደጋፊ የማይገኝ ጸጋ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ፤ ውድድሩም ተቋርጦ አሸናፊ ሳይኖረው ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም ሲመለስ ሁሉም ቡድኖች በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት የሚጫወቱበት፣ ከዚያም ወደ ሌላው ከተማ የሚዘዋወሩበት አሠራር ተተካ፤ ጨዋታውም በሱፐር ስፖርት በቀጥታ መተላለፍ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ሰበታ ከተማና ጅማ አባ ጅፋር ከሊጉ ወረዱ።

የዚህን አሠራር ጥቅም አልክድም። ክለቦች ከሥርጭቱ ገንዘብ አገኙ፤ ሜዳዎች ሣራቸው ተሻሻለ፤ ተጫዋቾቻችን በሌላ አገር ዓይን ታዩ፤ የደጋፊ ግጭትም ቀነሰ። ነገር ግን ለሕመሙ የተገኘው ፈውስ የጤነኛውንም ሰው እግር አሰረ። የወላይታ ድቻ ቡድን የሶዶን ሕዝብ ፊት ሳያይ ዓመቱን ሲፈጽም፣ የሆሳዕና ልጅ የከተማውን ክለብ በዲኤስቲቪ ቤት ሻይ ገዝቶ ሲመለከት፣ ባለ ሜዳና እንግዳ የሚባለው ነገር በሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። ክለብን የከተማ ክለብ የሚያሰኘው በዚያ ከተማ መጫወቱ ነው፤ ከዚህ ውጭ ማዘጋጃ ቤቱ በጀት መመደቡ ብቻ ይቀራል። ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር፣ ክለቦቹና ከተሞቹ ሜዳዎቻቸውን ለሥርጭትና ለጸጥታ ብቁ አድርገው፣ ቀስ በቀስም ቢሆን፣ ሁለትና ሦስት ከተማ እየጨመሩ፣ የደርሶ መልሱን ሥርዓት ሊመልሱት ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ይህንም የምለው ኳሱን ስለምወድ ብቻ አይደለም።

ብሔራዊ ቡድናችንም የደረሰበት ከዚህ የባሰ ነው። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም በባሕር ዳር ስታዲየም ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የሚመለስበትንም በር ሲከፍት፣ ጨዋታው በገዛ አገሩ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን መስፈርት የሚያሟላ አንድ ስታዲየም በመላው አገር ስለታጣ፣ ቡድኑ የባለ ሜዳነት ጨዋታውን በሰው አገር ለማድረግ ተገደደ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ነው። በ1954 ዓ.ም ጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም፣ በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት፣ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት ይህችኑ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣ አገር፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ ተመሳሳዩን ድል ለሕዝቡ ሊያሳይበት የሚችል ሣር አጣ። በዚያን ምሽት በኮልፌ ሉካንዳ አካባቢ በአንድ ቤት ተጨናንቀን አየነው፤ ሁለተኛው ጎል ሲገባ ሰዉ ወደ አስፋልቱ ፈሰሰ፤ ሚኒባሶቹም ጡሩምባ እያሰሙ ቆሙ። ደስታው ሙሉ ነበር። ሆኖም መምህሩ ወዳጃችን «ይህን ጎል ለማየት ባሕር ዳር ድረስ በእግሬም ቢሆን እሄድ ነበር» ሲል ማንም አላስተባበለውም።

ጉዞውን ግን አልተውነውም። ሊጉ ሐዋሳ ወይም አዳማ ወይም ድሬዳዋ በሚያርፍበት ጊዜ እንሄዳለን። ለሚመጣው የሐዋሳ ጉዞ በሞጆ ከመዞር ይልቅ ከዓለም ገና በግራው መንገድ፣ በቡታጅራና በባቱ በኩል እንድንሄድ ተስማምተናል፤ በዚያ መንገድ በኩል በ2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልካ ቁንጥሬ አለ፤ ከአንድ አለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች፤ በ1972 ዓ.ም የተመዘገቡት፣ አንዳንዶቹ ሠይፍ የተቀረጸባቸው 36ቱ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። ሸማኔው ጢያን፣ መምህሩ መልካ ቁንጥሬን፣ እኔ አዳዲን ብለን ስንከራከር፣ ጋሼ ነገሩን ሰምተው ሦስቱም በአንድ ማለዳ እንደማይሞሉ፣ ይልቁንም ቅዳሜ ጧት ተነሥተን፣ ሁሉንም ተዘዋውረን አይተን፣ ቡታጅራ ብናድር እሑድ ከጨዋታው ሁለት ሰዓት ቀድመን ሐዋሳ እንደምንደርስ አሳዩን። የማደሪያውን ክፍያ የሚሸፍን ተጨማሪ መዋጮ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ መሰብሰብ ጀምረናል።